ባዶ ያደረግሁት ጠረጴዛ

ጥቅምት 3፣ ጠዋት

ስክሪኑ አሁንም የጠረጴዛውን ግማሽ ይዞ ተቀምጧል። በስንዝር ለካሁት። ከኋላው ለምንም የማይሆን ክፍተት፣ ከፊቱ ኪቦርድ፣ ከኪቦርዱ ቀጥሎ ጠርዙ። የምተይበው ወረቀት የት ይቀመጥ? ጭኔ ላይ። ቀና ጎንበስ፣ ቀና ጎንበስ። ከሰዓት ላይ አንገቴ አይዞርም።

በቀኝ በኩል የእማማ ግዛት ይጀምራል። የጸበል ጀሪካን፣ የደም ግፊት ኪኒን፣ መነጽር፣ ዛሬ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት። እማማ አስካለ የባሌ እናት ናቸው። ባላቸው ቄስ ነበሩ፤ ከጎረቤላ ወዲያ ያለች ደብር ሲያገለግሉ ኖረው እዚያው አረፉ። እማማም ከዚያ ወዲህ ደብረ ብርሃን እኛ ጋ ናቸው፣ የሚተኙት ሳሎን ነው። ባሌ ጌታሁን ይባላል። ከእንግዲህ ጌ. ብዬ እጽፈዋለሁ፣ ሙሉ ስሙን የማሰፍርበት ቦታ የለኝም።

ሁለት ክፍል ቤት፣ ኪራይ። መኝታ ቤቱን አልጋው ሞልቶታል፤ ልብስ የምቀይረው አልጋው ላይ ቆሜ ነው። ስለዚህ ጠረጴዛዬ ሳሎን ውስጥ፣ ጥጉ ላይ። ቢሮ ጸሐፊ በነበርኩ ጊዜ በራሴ ደሞዝ ጠባሴ ሰፈር ያሠራሁት ነው። ከቢሮ ተቀነስኩ፣ ጠረጴዛዋ ቀረችልኝ።

አሁን አዲስ አበባ ላለ ማተሚያ ቤት እተይባለሁ። በእጅ የተጻፈ የመምህራን መምሪያ። ጽሑፉ ዶሮ የጫረው ይመስላል። የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ ወ/ሮ ሰናይት ቃል ገብተውልኛል፦ ይህን እስከ ኅዳር አጋማሽ ንጹሕ አድርጌ ካስረከብኩ ቋሚ ሠራተኛ እሆናለሁ። ከቤቴ ሆኜ። ቋሚ። ደግሜ ልጻፈው፣ ደስ ይለኛል። ቋሚ።

ጠረጴዛው እንደሆን አያድግም፣ ዕቃው ይውጣ እንጂ። ዕቅድ አለኝ ደብተሬ፣ ታያለሽ።

ጥቅምት 5፣ ከሰዓት

ብረት በያጁ ጋ ሄድኩ። ስክሪን ከግድግዳ ላይ የሚይዝ ክንድ እንዲሠራልኝ። ለቲቪ ነው ወይ አለ። ለሥራ ነው አልኩት። ሳቀ። ምኑ እንደሚያስቅ እንጃ። እጁ ግን ጎበዝ ነው፣ ከአሮጌ የመስኮት ፍርግርግ ቆርጦ ሠራልኝ።

ጌ. ብሎኑን አጠበቀልኝ። እያጉረመረመ። አከራይዋ ግድግዳ በሳችሁ ብለው ይቆጣሉ፣ ለአንድ ስክሪን ይህ ሁሉ ምንድን ነው፣ ወዘተ። ፋብሪካ ፈረቃ አድሮ ስለመጣ ብሎኑን እያቀበልኩ አሳለፍኩት።

ተሰቀለ። ከኋላው የነበረው ክፍተት ሁሉ ወደ እኔ መጣ። ሁለት እጄን ዘርግቼ ጠረጴዛው ላይ ተኛሁበት፣ እውነቴን ነው። ጣውላው በረዶ። የጥቅምት ብርድ እንጨት ውስጥ ሳይቀር ይገባል።

እማማ ከመደባቸው ሲያዩኝ ነበር። ምን ሆነች ብለው ጌ.ን ጠየቁት። ቦታ አገኘች አላቸው። ተመስገን አሉ።

ጥቅምት 9፣ ጠዋት

አለቀ! ስሚኝ፣ በዝርዝር ልንገርሽ፣ ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም።

ሲፒዩው ጠረጴዛው ሥር ገባ፣ ወለል ሲታጠብ ውሃ እንዳያገኘው በጣውላ ከፍ ብሎ። ኪቦርዱ ከጠረጴዛው ሆድ ሥር በሚንሸራተት ሰሌዳ ላይ፤ ስሠራ እስበዋለሁ፣ ስጨርስ እገፋዋለሁ። ፕሪንተሩ ቁም ሳጥን ላይ ወጣ። ገመዶቹን በሲባጎ ጠፍሬ በጠረጴዛው እግር አወረድኳቸው። ወረቀቱስ? ከጥግ እስከ መስኮት ክር ወጥሬ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልኩት፣ ልክ ዓይኔ ፊት። አንገቴ ዳነ። ትናንት ከወትሮዬ እጥፍ ተየብኩ።

እማማን በትሕትና ለመንኳቸው። ጀሪካኑን፣ ኪኒኑን፣ ሁሉንም ወደ መስኮቱ ደፍ። ይሁን ልጄ አሉ። ከፍቷቸው ይሁን አይሁን አላወቅሁም፣ ለማወቅም አልቸኮልኩም።

አሁን ጠረጴዛው ላይ ምንም የለም። ምንም! የደብረ ብርሃን ነፋስ ግን አቧራውን ይዞ በስንጥቅ ሁሉ ይገባል። ስለዚህ ሳልሠራ ጠረጴዛውን ነጭ ጨርቅ አለብሰዋለሁ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ስክሪንም በሌላ ነጭ ጨርቅ እጋርደዋለሁ። ጥጉ አማረ። ሻይዬን ይዤ ቁጭ ብዬ ሳየው አረፈድኩ ብል አታምኝኝም።

ጥቅምት 12፣ ምሽት

እየተቻኮልኩ ነው የምጽፈው። ጽሑፌ ካልተነበበሽ ታገሺኝ።

ዛሬ ሚካኤል ነው። እማማ ማኅበር ሄደው ነበር። የጽዋ ማኅበር፣ በየወሩ በአሥራ ሁለት በአባል ቤት በተራ ተጸልዮ ይበላል፣ ይጠጣል፤ ሲያበቃ ጽዋውን ቀጣዩ ባለተራ ይረከብና ወር ሙሉ ቤቱ አክብሮ ያኖረዋል። ይህን የማያውቅ የለም፤ የምጽፈው ለራሴ እንዲገባኝ ነው። ባለተራዋ ሐዘን ገጠማቸው። እማማ ብድግ ብለው እኔ ልቀበል አሉ። ለጌ. ደወሉለት። ጌ. እሺ አለ። ለእኔ ማንም አልነገረኝም።

ሥራዬን ጨርሼ፣ ሁሉን አልብሼ፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው። መዝሙር ከመንገዱ ተሰማ። የጎረቤት መስሎኝ በር ከፈትኩ። ወደ እኛ ነው የሚመጡት። ጧፍ፣ ነጠላ፣ እልልታ። ሙሴው፣ የማኅበሩ አለቃ ማለቴ ነው፣ ጽዋውን በሸማ ሸፍኖ ተሸክሟል። ቄሱ ከኋላው። ገቡ። ሙሴው ቆም ብሎ ቤቱን ቃኘ፣ የሚያኖርበት ቢያጣ። ከዚያ ጥጉን አየ። ነጭ የለበሰ ባዶ ጠረጴዛ፣ ከበላዩ ግድግዳው ላይ ነጭ መጋረጃ። ፊቱ በራ። ቀጥ ብሎ ሄዶ ጽዋውን ጠረጴዛዬ መሀል ላይ አኖረው።

እልልታው ቀለጠ። አንዷ ጮክ ብላ፣ «ሥዕሉንስ አያችሁ፣ በመጋረጃ አድርጋዋለች! የቄስ ምራት!» አለች። ሁሉም ወደ ስክሪኑ ዞረው ተሳለሙ። ቄሱ መስቀላቸውን ወደዚያ አነሡ።

አፌን ከፍቼ ነበር ደብተሬ። አባቴ ይህ ኮምፒውተር ነው ልል። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ደስታ። ይሉኝታ ያዘኝ። እማማን አየኋቸው፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ በኩራት ያዩኛል። ስክሪን መሆኑን እሳቸው ያውቃሉ። ግን በሰው ፊት ስመሰገንላቸው ገና የመጀመሪያ ቀናቸው ነው። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ፣ ሽንኩርት የሸተተ እጄን ወደ ኋላ ደብቄ።

ጥቅምት 13፣ ጠዋት

ጌ. ከፈረቃ ገባ። ሳይቀመጥ ጠየቅኩት። ለምን አልነገርከኝም? ረሳሁት አለ። አንድ ወር ነው፣ ቻይው አለ።

ጽዋውን ቁም ሳጥን ላይ እናድርገው አልኩ። ፕሪንተር አለ አለኝ። ፕሪንተሩን እናውርደው። የት? ከዚያ ደግሞ፣ ቄስ ባርኮ ያኖረውን አንቺ ታነሽዋለሽ? አለኝ። አላነሣም። እውነቱን ልንገርሽ፣ እፈራለሁ። እሱም ይህን ያውቃል።

ስክሪኑን ወደ መኝታ ቤት እንውሰደው። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ብሎን አይዝም። ደግሞ የት ልትቀመጪ፣ አልጋው ላይ? ሳቀና ተኛ።

ስለዚህ እንዳለ ልሠራ ተቀመጥኩ። ሰሌዳዬን ሳብኩ። እማማ ደነገጡ። «ልጄ፣ እግርሽን ከጽዋ ሥር ትዘረጊያለሽ?» አሉ። ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብኩ፣ ኪቦርዱን ጭኔ ላይ አደረግሁ። ቀጥሎ ወረቀቶቼን አዩ፣ በክር ተሰቅለው ከጽዋው በላይ። የልብስ መቆንጠጫ ከጽዋ በላይ ይንጠለጠላል? ክሩን በጠስኩት። ወረቀቱ ተመልሶ ጭኔ ላይ መጣ፣ ከኪቦርዱ ጋር። አንገቴም ወደ ድሮው ተመለሰ።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉት ይህ ነው። ጠረጴዛው እንደ ድሮው በሽንኩርትና በኪኒን ተሞልቶ ቢሆን ኖሮ ማን ጽዋ ያኖርበት ነበር? እኔ ነኝ ጠርጌ፣ አጽድቼ፣ ነጭ አልብሼ የሰጠሁት።

ጥቅምት 17፣ ከሰዓት

ሰው ይመጣል። ደግሞ ይመጣል። የጽዋ ቤት ተብሎ ጎረቤት ሁሉ በጠዋት ጎራ ይላል፣ የጠረጴዛዬን ጠርዝ ይስማል፣ ለመጋረጃው ይሰግዳል። እማማ ዳቦ ያቀምሳሉ። እኔ ጨርቁን የምገልጠው ቤቱ ጭር ሲል ነው፤ አንድ ዓይኔ ወረቀቱ ላይ፣ አንድ ጆሮዬ በሩ ላይ።

ዛሬ ወ/ሮ ዘነበች ሳያንኳኩ ገቡ። ከታችኛው መንገድ ናቸው፣ የማኅበሩ አባል። ተነሥቼ ጨርቁን ወረወርኩበት። እየጸለይሽ አቋረጥኩሽ እንዴ ብለው ይቅርታ ጠየቁኝ። ምንም አይደል አልኩ። ምንም አይደል! በገዛ ቤቴ ሥራዬን ተደብቄ የምሠራ ሌባ ሆንኩ።

የእማማ ጧፍ ጣውላው ላይ ቀልጧል። በጥፍሬ ላነሣው ብሞክር ቀለሙንም ይዞት ተነሣ።

ሚካኤልን አልቀየምም። ሚካኤል ጠረጴዛ አልጠየቀም።

ጥቅምት 22፣ ጠዋት

ወ/ሮ ሰናይት ደወሉ። ምዕራፍ አራትን መልሰውልኛል። የተዘለለ መስመር አለ፣ ሁለቴ የተተየበ አንቀጽም አለ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ምን ነካሽ፣ የመጀመሪያው ሥራሽ እንዲህ አልነበረም አሉኝ፣ በለሰለሰ ድምፅ። ለቋሚነቱ ሌላም አመልካች እንዳለች አከሉ።

ምን ልበላቸው? ወረቀቴ ከጭኔ እየተንሸራተተ ነው ልበል? ስክሪኔ ከሩቅ ነው፣ ፊደሉ አይታየኝም፣ በመሀል ጽዋ አለ ልበል? አስተካክላለሁ አልኩ።

ለጌ. ነገርኩት። ሥራው ካልሆነ አይሆንም፣ ራስሽን አትግደይ አለ። በደግነት ነው ያለው። ደግነቱ አቃጠለኝ። የእኔ ሥራ ባይሆንም የሚሆን ነገር ነው ለሱ።

ጥቅምት 27

ሰዓቱን አልጽፍም። ቀኑ ሁሉ አንድ ነው።

የወር አበባዬ መጣ። እማማ እንዴት እንደሚያውቁ እግዜር ይወቀው። ቀስ ብለው ጠርተው በጆሮዬ ጠየቁኝ። አዎ አልኩ። በእነዚህ ቀናት ወደ ጽዋው አትጠጊ ልጄ፣ ለአንቺው ብዬ ነው አሉ። እሺ አልኳቸው።

ስክሪኑ ከጽዋው በላይ ነው። ሲፒዩው ከጽዋው ሥር ነው። ቦታ ልቆጥብ ብዬ ሁሉን አንድ ላይ አስሬዋለሁ፣ አንዱን ነጥሎ መውሰድ አይቻልም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

አልጋ ላይ ተቀምጬ የታተመውን በእርሳስ አርማለሁ። አልተየብኩም። ወ/ሮ ሰናይት የት ደረስሽ ብለው መልእክት ላኩ። መብራት ጠፋ ብዬ መለስኩ። መብራቱ ግን ከራሴ በላይ ቦግ ብሎ በርቷል።

ኅዳር 3፣ ከሰዓት

አዲስ ነገር ስሚ። ኅዳር ሚካኤል ትልቁ በዓል ነው፣ ማኅበሩም እኛ ቤት ነው። ሙሴው መልእክት ልኳል፦ ቄሱ በዕለቱ መጋረጃውን ገልጠው በሥዕሉ ፊት ሊጸልዩ ነው።

እማማ ቀለማቸው ጠፋ። ለመጀመሪያ ጊዜ አሳዘኑኝ። አሁን ይነግሯቸዋል ብዬ ጠበቅሁ። አልነገሯቸውም። ይልቅ ጌ.ን ገበያ ሰደዱት። የሚካኤልን ሥዕል በመስታወት ክፈፍ ይዞ መጣ። ቁመቱ ልክ የስክሪኑን ያህል ነው፣ ለክቶ ሄዶ ኖሯል። ለሥዕሉ ሲሆን መለካት ያውቃል።

ካቻቢቴውን ከመሳቢያ አወጣ። የእኔን። ስክሪኑን ፈታ፣ ሥዕሉን በእኔ ብረት ላይ ሰቀለ። ሲፒዩውን ከሥር አወጣ፣ ሰሌዳዬንም ነቀለ፣ ቄሱ ጎንበስ ሲሉ እንዳይመታቸው። ሁሉንም ተሸክሞ መኝታ ቤት፣ አልጋው ላይ ከመረው። ማከፋፈያ ገመድ እዘረጋልሻለሁ አለ። ዘረጋ፣ አይካድም።

አሁን የምሠራው አልጋ ላይ ነው። እግሬን አጣጥፌ፣ ስክሪኑ ትራስ ተደግፎ። በተነቃነቅሁ ቁጥር ይወድቃል። ጌ. ጠዋት ከፈረቃ ሲገባ ሁሉንም አንሥቼ ኮሪደር ላይ እደረድራለሁ፤ ይተኛል። ሲነሣ መልሼ አስገባለሁ። በቀን አንዴ ቤት እንደ መቀየር ነው።

ኅዳር 6፣ ከሰዓት

ዛሬ ልጠላቸው ተነሥቼ አልሆነልኝም።

እማማ ጠረጴዛውን ሲያጸዱ አገኘኋቸው። ጧፉ ያበላሸውን በዘይት ያሹታል። ሳልጠይቃቸው ያወሩኝ ጀመር። ባላቸው በሕይወት ሳሉ ጽዋ ቤታቸው በገባ ቁጥር ያፍሩ ነበር። ጠረጴዛ የሚባል አልነበራቸውም፤ ሙቀጫ ገልብጠው፣ ሸማ አልብሰው፣ እዚያ ላይ ያኖሩት ነበር። ቄሱ ባላቸው አንድ ቀን ለዚህ ጽዋ የሚገባውን ማኖሪያ እናሠራለታለን ይሉ ነበር። ሳያሠሩ ሞቱ። አሁን ይኸው ቆሞ አየሁት አሉ፣ የጠረጴዛዬን እግር እየዳሰሱ።

ምን ይባላል? ያማረ ነው እማማ አልኩ። ነጠላቸውን አስተካከልኩላቸው። ከዚያ ተመልሼ አልጋዬ ላይ ወጣሁ፣ ምዕራፍ ስድስት ላይ ነኝ።

ኅዳር 10፣ ጠዋት

ጌ.ን ሳይተኛ ያዝኩት። ደብተሬ፣ ቃል በቃል ነው የምጽፍልሽ፣ ኋላ እንዳይክደኝ። እንዲህ ነው ያለው፦ የሚካኤል ዕለት ጽዋው ወደ ወ/ሮ ዘነበች ይሄዳል። በማግስቱ ጠረጴዛሽ ይመለሳል፣ ስክሪንሽንም ሰሌዳሽንም ራሴ እገጥመዋለሁ፣ ሥዕሉን ከእማማ መደብ በላይ እሰቅለዋለሁ። ማለ። በአባቱ አጽም ማለ።

የቀረኝ ምዕራፍ ሰባት ነው። ረጅሙ፣ በሠንጠረዥ የተሞላው፤ አልጋ ላይ አይሠራም፣ ብዙ ወረቀት ጎን ለጎን መዘርጋት አለበት። ወ/ሮ ሰናይት እስከ አሥራ አምስት ጠብቄ ለሌላዋ እሰጣለሁ ብለዋል። ከጠረጴዛ ጋር ሁለት ቀን ይበቃኛል። ቻልኩ፣ አለፈ ማለት ነው።

ኅዳር 12፣ ጠዋት

ጢስ። ኅዳር ሲታጠን ነው፣ መንደሩ ሁሉ ጥራጊውን እያቃጠለ ነው። እማማ ቤቱን ከማዕዘን ማዕዘን አስጠረጉት። ጌ. ከአልጋው ሥር ወረቀት ሰብስቦ ሲወጣ ደረስኩበት፤ ምዕራፍ ሰባት ነው! ያለቀ መስሎኝ አለ። ከእጁ ነጠቅኩት። አሁን መቀነቴ ውስጥ ነው፣ ሆዴ ላይ ታጥቄዋለሁ። እንግዳ ሲመጣ እንዲሁ አስተናግዳለሁ።

ኅዳር 12፣ ማታ

አጭር አድርጌ ልጻፈው፣ አለዚያ አልጽፈውም።

ሁሉ ደስ ብሎት ዋለ። ጠላው አማረ፣ ዳቦው አማረ። ቄሱ መጋረጃውን ገለጡ፣ ሥዕሉ ታየ፣ ጸለዩ። እኔ ቀዳሁ፣ አነሣሁ፣ አጠብኩ። በሆዴ ወረቀቱ ይንኮሻኮሻል። በልቤ ነገ እላለሁ፣ ነገ።

ጽዋው ለወ/ሮ ዘነበች ሊሰጥ ሲል እማማ ተነሡ። ቆመው መናገር አይወዱም፣ ድምፃቸው ሰለለ። ስለ ባላቸው ተናገሩ፣ ስለ ሙቀጫው። ከዚያ፣ «ጽዋው እንግዲህ እንደ ስደተኛ ባገኘው ላይ አይቀመጥም። ይቺ ጠረጴዛ የሱ ትሁን። በሄደበት ትሂድ» አሉ።

ጠረጴዛዬን ለማኅበሩ ሰጡት።

እልልታ። ሙሴው እጃቸውን ሳመ። ቄሱ መረቁ፣ ረጅም ምርቃት፣ እኔንም ጨምረው፤ የቤቱን እመቤት ዋጋዋን አታስቀርባት አሉ። ሁሉ አሜን አለ። እማማ ያለቅሱ ነበር። በዕድሜያቸው የሚሰጡት ነገር አግኝተው አያውቁም፤ አሁን አገኙ፣ የእኔን። የማን እንደሆነ የረሱት ይመስለኛል። በእሳቸው አልፈርድም። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት፣ ግን የቆረሰው እሳቸው አይደሉም።

ጌ.ን አየሁት። በዓይኔ ለመንኩት። አንድ ቃል፣ እማዬ ይቺ የሷ ናት፣ አንድ ቃል። የእሱ እናት ናቸው፣ እሱ ቢላቸው ይቀላል፣ ይሳቃል፣ ያልፋል። አየኝ። አንገቱን ደፋ። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ የጠረጴዛውን አንድ ጫፍ አነሣ። በሩ ጠበባቸው፣ በጎኑ አዙሩት እያለ ራሱ መንገድ አሳያቸው። እየዘመሩ ይዘውት ወረዱ።

እኔስ? አሜን አልኩ። ከሁሉ ጋር አሜን አልኩ። ጌ. ከዚያው ወደ ፈረቃው ሄደ።

ኅዳር 13፣ ጠዋት

እንቅልፍ የለም። እማማ ደክሟቸው ተኝተዋል፣ ፊታቸው የሕፃን ፊት መስሏል። ጥጉ ባዶ ነው። ጠረጴዛው ከቆመበት በታች ወለሉ ነጣ ብሏል።

ካቻቢቴ አልበቃኝም፣ ከአከራይዋ መፍቻ ለመንኩ። ለምን ነው አሉኝ። አልጋ ልፈታ ነው አልኳቸው። ይሉኝታ ሲመጣ አወቅሁት፤ መፍቻውን ይዤ ተመለስኩ።

ፈታሁት። ብሎኑ ዝጓል፣ አንዱን በመዶሻ መታሁት። እማማ ነቅተው በሩ ላይ ቆሙ። ምን እያደረግሽ ነው ልጄ አሉ። ለሥራዬ ቦታ እያበጀሁ ነው እማማ አልኳቸው። ከዚያ፣ በቀስታ፣ ጠረጴዛዋ የእኔ ነበረች አልኳቸው። ሌላ ክፉ ቃል አልወጣኝም። ዓይናቸው ወደ ጥጉ ሄደ፣ ወደ እኔ ተመለሰ። እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አሁን ገና ገባቸው። ቀና ብዬ ላጽናናቸው ፈለግሁ፤ አላጽናናኋቸውም፣ የአልጋውን ራስጌ ያዙልኝ አልኳቸው። ያዙልኝ።

ራስጌውን ትናንት ለማኅበሩ በመጡት ባዶ የለስላሳ ሳጥኖች ላይ አጋደምነው። ሰፊ ነው። ከጠረጴዛዬ ይሰፋል። ስክሪን በግራ፣ የምዕራፍ ሰባት ሠንጠረዦች ጎን ለጎን ተዘርግተው፣ ክርኔ ሳይቀር ቦታ አለው። ይህ ሁሉ ስፋት ለካ በዚች ክፍል ውስጥ ነበር። ሁለት ሰው ተኝቶበት ነው ያልታየኝ።

ፍራሹን ለሁለት አጥፌዋለሁ። ለአንድ ሰው ይሆናል፣ እሱም እኔ ነኝ። የጌ.ን ብርድ ልብስና ትራስ ሳሎን ጥጉ ላይ፣ ከሥዕሉ ሥር አነጠፍኩለት። ጠረጴዛዬን እመልስበታለሁ ብሎ በአባቱ አጽም የማለበት ጥግ ነው፣ ይተኛበት። እስከ መቼ ቢለኝ አላውቅም እለዋለሁ። ቋሚም ሊሆን ይችላል። ቋሚ ብሆንም ባልሆንም፣ ከዚህ ክፍል ዕቃዬን አንሥቼ ኮሪደር ላይ አልደረድርም።

የውጭው በር ተንኳኳ። እማማ ሊከፍቱ ተነሡ፣ እኔን አዩኝ፣ ቆሙ።

ጌ. ነው። ገጹን ሳልጨርስ አልነሣም።